ድምፄ ለምን ዝቅ እንዳለ

ይድረስ ለእናትም ለእህትም ለሆንሽኝ ለእትዬ፤

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ ስትወጪ መቆርጠሙን ተወልሽ ወይስ አሁንም አጅቦሽ ይሄዳል? እናታችን እንዴት ናት? እንቅልፍ ይወስዳታል? ጋሼንስ ያ የማይሰለቸው ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ አሁንም ጫማ ይጨርሳሉ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤነኛ ነኝ። «ጤነኛ» ያልኳትን ቃል ሁለት ጊዜ አንብቢያት፤ ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ በእሷ ምክንያት ነው።

ባለፈው እሑድ ስደውል እናታችን አንስታ «ማን ልበል?» አለችኝ። እኔ ነኝ ብላት «እኔ ማን?» አለችና ስልኩን ላንቺ አቀበለችሽ። መስመሩ ተቆረጠ፤ ከዚያ መልእክትሽ መጣ። ድምፅሽ ደክሟል፣ ታመሽ ደብቀሽናል፣ ፋብሪካው ከተዘጋ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሻንጣሽን ይዘሽ ነይ፣ የጓዳዋን ክፍል አስጠርጌልሻለሁ ብለሽ። ክፍሏን ማስጠረግሽ አንጀቴን በላው፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ግን እትዬ፣ አልታመምኩም። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ።

ብርድ ልብስ ፋብሪካው ውስጥ ማሽኖቹ ሲሠሩ ሰው የራሱን ጩኸት እንኳ አይሰማም ነበር። ስለዚህ የምናወራው በእጅ ነው። ጆሮ መሳብ ክር ተበጥሷል ማለት ነው፤ አገጭ መዳሰስ አለቃው መጣ፤ መዳፍን በጣት መምታት ሻይ እንውጣ። ከሥራ ስንወጣም ጆሯችን ስለሚጮህ እርስ በርስ እየጮህን ተሰናብተን ወደየቤታችን እንበተናለን። «ለምን ትጮሂብኛለሽ?» እያልሽ በስልክ የተቆጣሽኝ ሁሉ፣ እናታችንም ስልኩን እንደ ጋለ ድስት ከጆሮዋ አርቃ የያዘችው በዚህ ነው። እኔ ግን ቀስ ብዬ የማወራ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ገበያው ቀዘቀዘ። ሰው አዲስ መግዛት ትቶ ያለውን መጣፍ ያዘ። መጀመሪያ የማታው ፈረቃ ቀረ፤ ቀጥሎ ማሽኖቹ በየረድፉ መቆም ጀመሩ። በመጨረሻ ባለፋብሪካው አዳራሹ መሀል ቆሞ መዘጋቱን ነገረን። አልሰማነውም። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ እኛ ክራችንን እናያለን። ነገሩ የገባው መካኒኩ ነው፤ ሄዶ ዋናውን ማብሪያ ወደ ታች ሳበው።

እትዬ፣ ያንን ዝምታ በምን አፌ ልንገርሽ? ጥግ ያለው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ሰማሁ። የግድግዳው ሰዓት ለካ ድምፅ አለው። ቆርቆሮው ላይ የሆነች ወፍ ትሄዳለች፤ እግሯ ይሰማል። ይህ ሁሉ ነገር ለዓመታት አጠገቤ ሲኖር አላወቅኩትም ነበር። የእንጀራ ገመዴ በተበጠሰበት ሰዓት እኔ እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ። ወዲያው ከጎኔ ጎርናና የወንድ ድምፅ «በቃ ተዘጋ ማለት ነው?» አለ። ዞር ስል ማንም የለም፣ ከዝምዬ በቀር። ዝምዬ የምንላት ከጎኔ ያለውን ማሽን የምታሠራውን ነው፤ ምልክት እንኳ ስለምትቆጥብ ያወጣንላት ስም ነው። ድምፁ የእሷ ነበር! በዚያ ቀን መሳቅ ነውር ቢሆንም ሳቅኩ፤ እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ደግሞ ከድምፅዋ ይብሳል።

ከሳምንት በኋላ ምን ይሻለናል ለማለት እዚያው ባዶ አዳራሽ ተሰበሰብን። ልማድ ክፉ ነው፤ ሁላችንም እንደ ለመድነው በጩኸት ማውራት ጀመርን። የመንገዱ ሰው ጠብ መስሎት በሩን ገፍቶ ገባ። ቀዳሚው ፊት ለፊት ያሉት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ። «ማን ሞተ?» አሉ። እኛ ከማፈራችን የተነሳ ሁላችንም በአንድ ጊዜ በእጃችን «ምንም የለም» አልናቸው። እሳቸው ደግሞ መስማት የማንችል መስሏቸው በእጃቸው እያወናጨፉ ያጽናኑን ጀመር። ዝምዬ በዚያ ድምፅዋ «አባቴ፣ እንሰማለን» ስትላቸው ወደ ኋላ ሸሹ።

እንዲህ ነው ከመንገዱ ጋር የተዋወቅነው። በእኛ ጩኸት የተነሳ መስኮቱን ዘግቶ የኖረ ሰፈር ነው፤ አሁን መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ልብስ ሰፊው የተቀደደ ብርድ ልብስ አመጡና እንጠግነው ብለው አብረውን ተቀመጡ። ሌላውም የራሱን አመጣ። ሥራ የፈታው የፋብሪካችን ሾፌር ክር ማጠንጠን ተማረ፤ ጣቶቹ ወፍራም ስለሆኑ ቋጠሮው የጡጫ ያህል ነው፣ ግን አይፈታም። አጠገቤ ስትቆም የኖረችው ዝምዬ ታናናሾቿን ብቻዋን እንዳሳደገች የሰማሁት መርፌ ይዘን ስንቀመጥ ነው። የእኔም ድምፅ ሳላውቀው ዝቅ ያለው ያኔ ነው። ችግር ጥሩ ነው እያልኩሽ አይደለም፤ ስንቱ ባልደረባችን ሻንጣውን ተሸክሞ እያለቀሰ ሄዷል። ግን ሥራ ስናጣ ሰው አገኘን። ይህን ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል።

ሆኖም መጣፍ ብቻ አያኖርም፤ መሸመን ነበረብን። ከበሩ ስለሚሰፋ ባለፋብሪካው ሊሸጠው ያልቻለ አንድ ያረጀ ማሽን ጥግ ላይ ቀርቷል። ለአዳራሹ ተከራይ እስኪያገኝ ሞክሩት አለን። መካኒኩ «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» እያለ ፈታው፣ ገጠመው፣ ተነሳ። አሁን የቀረው ጩኸቱ ነው። ጆሮውን ያገኘ መንገድ እሺ ይለናል? እኔ ለራሴ ወስኜ ነበር፦ መንገዱ እንቢ ካለ ወዳንቺ እመጣለሁ። ሻንጣዬንም ከአልጋ ሥር አውጥቻለሁ።

በየቤቱ ሄደን ጠየቅን። ብዙዎቹ እሺ አሉ። ልብስ ሰፊው ግን ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ልጆቼ፣ እኔኮ ባለቤቴን እንደ እናንተው በምልክት ነው ስጠራት የኖርኩት። አሁን ሥራ እየሠራች ስታንጎራጉር እሰማታለሁ። ይህንን መልሳችሁ ልትወስዱብኝ ነው?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ዝምዬ ግን «መስኮትዎን ክፍት አድርገው ይስሙን። የዘጉት ቀን እኛም እናቆማለን» አለቻቸው። መካኒኩ በጎን አፈጠጠባት፤ ቃሉ ግን ወጥቷል።

ሐሙስ ጠዋት ማብሪያው ተነሳ። ድርና ማጉ ተገናኘ፣ መወርወሪያው ሮጠ፣ ወለሉ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። እኔ ግን ሥራዬን ትቼ በሩ ላይ ቆሜ የልብስ ሰፊውን መስኮት አያለሁ። ሽማግሌው ብቅ አሉ፤ ባለቤታቸውም ከኋላቸው። ጥቂት ቆመው አዳመጡ። ከዚያ እጃቸውን ወደ መዝጊያው ዘረጉ። እትዬ፣ ሻንጣዬን፣ የጓዳዋን ክፍል፣ ሁሉን አየሁት። እሳቸው ያንን ትልቁን መቀሳቸውን አንስተው ከመዝጊያው ሥር ሸጎጡት። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ለካ ነፋስ መስኮቷን ድንገት ቢዘጋት እኛ እሳቸው የዘጉ መስሎን እንዳናቆም ነው! እያየኋቸው መሆኔን አይተው በጣታቸው መዳፋቸውን መቱልኝ፤ የሻዩን ምልክት። ከየት እንደተማሩት አላውቅም። ያን ጊዜ በሰው ፊት እንዳለቅስ ያደረገኝ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲሉ እኛ ሸማኞቹ እንቀልዳለን፤ ማግ ካልገባበት ድር ብቻውን ምን ያስራል እያልን። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ለመቀለድ አፌ አልደፍር ብሏል። አሁን አንድ ልማድ አውጥተናል፦ ማንም የሚናገረው ነገር ካለው ማብሪያውን ያወርዳል፤ ሁሉም ይሰማል፤ ከዚያ ይነሳል። ሾፌሩ ለተራ ቀልድ ስለሚያወርደው ተቀጣ፤ ቅጣቱ ቋጠሮውን መፍታት ነው። ነገ አዳራሹ ቢወሰድብንስ? አላውቅም። ዛሬ ግን ማሽኑ ይሠራል፣ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። አልመጣም እትዬ፣ አትቀየሚኝ። የጓዳዋን ክፍል ለትልቋ ልጅሽ ስጫት፤ ለጥየቃ ስመጣ ከእሷ ጋር እተኛለሁ።

ጋሼን ደረቱን ሸፍኖ ይተኛ በይልኝ፤ የመጀመሪያው ብርድ ልብሳችን ለእሱ ይመጣል፣ ጥጉ ላይ ያለችው ጠማማ መስመር የእኔ ናት። ትልቋን ጉንጯን፣ መንታዎቹን ጆሯቸውን ሳቢልኝ፤ ክር ተበጥሷል ማለት እንደሆነ አስተምሪያቸው። ጎረቤትሽን አዋላጇን እጇን ሳሚልኝ። አንቺን ራስሽን ከጉልበትሽ ጀምሬ ስሜሻለሁ።

ለእናታችን ደግሞ ይህን ንገሪልኝ። በሚመጣው እሑድ ስደውል ስልኩን እንደ ድሮው አርቃ አትያዘው፤ ጆሮዋ ላይ ታስጠጋው። ቀስ ብላ የምታወራ አንዲት የማታውቃት ሴት ትመጣባታለች። አትዝጊባት፣ ልጅሽ ናት በያት።

ታናሽሽ

ከአዳራሹ በር፣ ከተከፈተው መስኮት ፊት ለፊት
እሑድ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን