የሾላ ወደብ ደን ጠባቂዎች የተራ ዝርዝር

ለጓድ አውራጃ አስተዳዳሪ
ባሕር ዳር

ጥቅምት 29 ቀን 1976 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ከደን ጥበቃ ላይ ስለተወሰዱ አራት ገበሬዎችና የፊታችን ሰኞ ተራዋ ስለሚደርስ አንዲት እማወራ

ከሁሉ በፊት እንዲያውቁልኝ የምለምነው፣ የሾላ ወደብን ደን የሚጠብቁት ገበሬዎች ከዱላ በቀር መሣሪያ እንደሌላቸው፣ ከመንግሥትም ጋር ጠብ እንደሌላቸው ነው። የጥበቃቸውን ተራ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

1. ደኑ ከዳጉሳ ማሳችን በላይ ነው፤ ማሳው ደግሞ ጣና ዳር ነው። በ1968 ዓ.ም. የደኑ ጫፍ ተመንጥሮ በተከታዩ ክረምት ጎርፍ አሥራ አንድ ማሳ ጠርጎ ሐይቅ ከተተ። ከዚያ ወዲህ ገበሬ ማኅበሩ በጉባኤ ወስኖ ደኑን ዘጋ። የወደቀ እንጨት ብቻ በአባላት ፊት ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በተራው አንድ ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ እሑድ ይጠብቃል።

2. እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ስሆን ማኅበሩን በጽሕፈት እረዳለሁ። መሬት ስለሌለኝ ተራ አይደርሰኝም።

3. ባለፈው ነሐሴ ደኑ ለእርሻ ማስፋፊያ ይመነጠራል የሚል ወሬ እንደተሰማ አንድ ሰው መጥቶ ሥርዓታችንን አመሰገነ፤ ለምስጉን ማኅበራት ሽልማት ስለሚሰጥም ዝርዝሩን ጠየቀ። የጠባቂውን ስም፣ ሳምንቱንና የሚቀመጥበትን ዛፍ ሳይቀር በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ሰጠሁት። ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደመጣ አልጠየቅሁም። ተማሪዎቼን ሳትጠይቁ ወረቀት አትስጡ ስል የኖርሁ ሰው ነኝ።

4. ከጥቅምት 6 ጀምሮ በአራት ተከታታይ ሰኞ አስናቀ፣ ደሞዝ፣ አዘዘና ገብረ መስቀል ከየመቀመጫቸው በላንድሮቨር ተወስደዋል። የአስናቀ ጋቢና አገልግል ዋንዛው ሥር ተገኝተዋል፤ ምሳውን አልነካውም። የት እንዳሉ የሚነግረን አላገኘንም።

5. ጥቅምት 13 ተራው የቢያዝን ነበር። ስለታመመ ደሞዝ ተተካለት፤ ለውጡንም ገና አልጻፍሁትም ነበር። የመጡት ሰዎች ደሞዝን «ቢያዝን፣ ተነሣ» ብለው እንደወሰዱት በታንኳ ዓሣ ያጠምድ የነበረ ጎረቤታችን ሰምቷል። የያዙት የእኔን ወረቀት ለመሆኑ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም። ቢያዝን ድኗል፤ ግን የደሞዝን ሚስት ማየት አቅቶት ከቤቱ አይወጣም።

ትናንት በደኑ ውስጥ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ችካሎች እስከ ማሳው ድረስ ተተክለው አገኘን።

ሰኞ ኅዳር 4 ቀን ተራዋ የሚደርሰው ፀሐይወርቅ ናት። ባሏ የሞተባት የሦስት ልጆች እናት ናት። ስሟን እንድሰርዝ ብለምናት፣ «መምህር፣ እርስዎ ዘንድ ያለውን ቢሰርዙት እነሱ ዘንድ ያለው ይሰረዛል ወይ? ደግሞስ ሰው ከሌለበት ሰኞ ዕለት ይመነጥሩታል» አለችኝ።

ስለዚህ ጓድ አስተዳዳሪ፣ አራቱ ሰዎች ያሉበት ለቤተሰቦቻቸው እንዲነገርና እንዲለቀቁ፣ ማኅበሩ በእርስዎ ፊት ቀርቦ እስኪሰማም ድረስ ምንጠራው እንዲቆም ይዘዙልን። ስለ ዝርዝሩ የሚጠየቅ ሰው ካለ ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ቤቴ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ነው። ሰኞ ጧት ግን ቤቴ አልገኝም። ከፀሐይወርቅ ጋር ደኑ ውስጥ እቀመጣለሁ።

የእርስዎ ትእዛዝ ከዚያ በፊት መድረስ ስላለበት፣ መልስዎን እስከ ቅዳሜ ኅዳር 2 ቀን እንዲልኩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ወልደ ሐዋርያት ምሕረቴ
ጡረተኛ መምህር፣ ሾላ ወደብ