ዕቃ ቤቴ የገባው ሱፐርኮምፒውተር

ሚያዝያ 6

ዛሬም ውሃ የለም። ከጎረቤት ሁለት ጀሪካን ቀድቼ ስመለስ ኢክራ በር ላይ ቆማለች። የወንድሜ የኑርሁሴን ልጅ። እሱ ወለዳት፣ እኔ አሳደግኳት። አሁን ኮምቦልቻ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ብርቱካን ይዛ መጥታለች፣ ሙሉ ፌስታል። ብርቱካኑ ሲበዛ ነገር አለ ማለት ነው።

"አክስቴ፣ ዕቃ ቤቱን አውሺኝ።"

"ምን ልታደርጊበት?"

"ሱፐርኮምፒውተር ልንሠራበት።"

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

መሥሪያ ቤቷ የሰጣቸው ክፍል ጣሪያው አላለቀም። ኮምቦልቻ ደግሞ ይሞቃል፣ ዕቃው ብርድ ይወዳል አለች። ደሴ ነው የሚስማማው። እኔ በዚህ ብርድ ጉልበቴ አለቀ፣ ለእኔ የሚስማማኝን ማን ጠይቆኝ ያውቃል?

አባታችን ጨርቅ የሚያከማችበት ክፍል ነው። ወንድሞቼ ትምህርት ቤት ሲውሉ እኔ እዚያ ጣቃ ሳነሳ ስጥል አደግኩ። ሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል ተባለ። ማታ ትምህርት የገባሁት ከሸበትኩ በኋላ ነው።

እሺ አልኳት። ለምን እሺ እንዳልኩ... እንጃ።

ሚያዝያ 11

ዕቃው መጣ። አሥራ ሁለት አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር፣ ከውጭ የተለገሰ።

"ሱፐሩ የታለ?"

"ይኼው ነዋ።"

"ይኼማ ቀበሌ ያለው ነው!"

አብሯት የመጣው አግማስ ሳቁን ዋጠ። የኤሌክትሪኩን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ኢክራ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። አንዱ ብቻውን ደካማ ነው፣ ሲያያዙ ግን እንደ አንድ ትልቅ ይሆናሉ። "ጅጌ በይው አክስቴ። አንዱ ሥራ ያከፋፍላል፣ ሌሎቹ ያጭዳሉ።"

"ጅጌ የጠራ ያበላል። እነዚህን ማን ሊያበላ ነው?"

አግማስ ቀና ብሎ ቆጣሪዬን አየ። 

የሚያስሉት ዝናብ ነው። ክረምት ሲከብድ የትኛው ዳገት እንደሚንሸራተት አስቀድሞ ለማወቅ። እኛ ከጦሳ ተራራ ሥር ነን፣ ይኼስ ደግ ነው። ግን ሰኔ ላይ ከመሥሪያ ቤቷ ኮሚቴ ይመጣል። ሳይሠራ ካገኙት ፈተው ለየቢሮው ያድሉታል፣ ለደብዳቤ መጻፊያ። "ከዚያ በኋላ ሁለተኛ የሚሰጠኝ የለም" አለች ኢክራ። ብርቱካኑን እየላጠች ነው ያለችው፣ ቀና ብላ አላየችኝም።

ሚያዝያ 19

ዕቅድ ይሉታል። እኔ ግፋ ጎትት ነው የምለው። ጠረጴዛው ግድግዳ ጋ ሆነ። ደግሞ መሀል ሆነ። ጀርባ ለጀርባ ይሁን፣ አይ ሙቅ ትንፋሹ ይገናኛል... መሬቴን በጠመኔ አዥጎርጉረውታል። ሁሉንም ከአንድ መስመር ካስነሳን የሰፈሩ ፊውዝ ይወርዳል አለ አግማስ። አስነሱት። ወረደ። ሰፈሩ ሁሉ "እትዬ ሳሊሃ፣ እናንተም ጋ ጠፋ?" እያለ በሬን ሲያንኳኳ አመሸ።

ኬብል የሚሰካበት ስዊች የሚሉት ሳጥን ቀዳዳው ስምንት ነው። ኮምፒውተሩ አሥራ ሁለት።

"ሁለተኛው መንገድ ላይ ነው" አለች ኢክራ።

"የት መንገድ?"

"መኪናው ደጋን ላይ ተበላሽቶ ነው።"

ያ አላህ።

ግንቦት 2

ስዊቹ ደረሰ። ገጠሙት። አሁን ደግሞ አንዱ ውስጥ ያለው ሁሉም ውስጥ እንዲኖር አንድ በአንድ ይጭናሉ። ከጠዋት እስከ ማታ። ድምፃቸው እንደ ወፍጮ ቤት ነው። ሶላቴን እንኳ ጓዳ ገብቼ ነው የሰገድኩት።

አግማስ በየግንባራቸው ወረቀት ለጠፈ። ላነበው ተጠጋሁ... በእንግሊዝኛ ነው።

ስንት ዓመት ለፍቼ የሱቅ ማስታወቂያ ማንበብ ቻልኩ፣ የመድኃኒት ወረቀት ማንበብ ቻልኩ። በገዛ ቤቴ መልሰው መሃይም አደረጉኝ።  ማታ እራት አላቀረብኩላቸውም።

ግንቦት 14

ኢክራና አግማስ ኮምቦልቻ ናቸው። ማሽኑ ብቻውን እየሠራ ያድራል፣ ሙከራ ነው አሉ። ገበያነሽ ልትጠይቀኝ መጣች፣ ማታ ትምህርት አብራኝ የተማረችው።

"እንዴ ሳሊሃ፣ የሰው ዕቃ ራቁቱን አስቀምጠሽ? ይኼ ሁሉ አቧራ!"

እውነቷን ነው። ኮሚቴውስ በዚህ ዓይነት ቢያየው ምን ይላል? ሳጥን ከፍቼ የጥሎሼን ዳንቴል አወጣሁ። ቴሌቪዥን የማለብሰውን ጨመርኩበት። ያልበቃውን በነጠላ ሞላሁት። አንድ በአንድ አለበስኳቸው። ሙሽራ መሰሉ።

ግንቦት 15

በጩኸት ነቃሁ። ጢጥ ጢጥ ጢጥ... ክፍሉ እንደ ዳቦ ቤት ይፋጃል። ደወልኩላት።

"የትኛው ነው የሚጮኸው?"

"ቀይ የሚያበራው።"

"ስሙን አንብቢልኝ፣ ከዚህ ሆኜ ላጥፋው።"

ወረቀቱን ተጠግቼ አየሁት።

"አክስቴ? አለሽ?"

"በፈረንጅ ፊደል ጽፋችሁ አንብቢ ትይኛለሽ?"

ስሙን ተወችው። "ሶኬቱን ንቀይ፣ ሁሉንም። መጣሁ።"

በሚኒባስ ከንፋ መጣች። በሩን ከፍታ ዳንቴሉን ስታይ ቆመች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም፣ ያ ባሰብኝ። እያነሳች ታጥፋለች። "በዚህ በኩል ነው የሚተነፍሱት አክስቴ" ብቻ አለች። አንዱ ሞቷል። አብሯት የመጣው አግማስ ቢነካካው አልነሳ አለ።

ላከብራቸው ብዬ አፈንኳቸው። ገበያነሽ ሆዬ ደግሞ ከሰዓት ብቅ ብላ "እንዴት ሆኑ ሙሽሮቹ?" ትለኛለች። በሩን ዘጋሁባት።

ግንቦት 17

ኢክራ ወፍራም እስክሪብቶና ካርቶን ይዛ መጣች።

"ስም አውጪላቸው። በራስሽ ፊደል ጻፊው።"

"ቀልድ አሁን አያምረኝም።"

"ወላሂ አልቀለድኩም። እዚህ ያለሽው አንቺ ነሽ። ስደውል የምታነቢልኝ አንቺ ነሽ።"

ብዙ አላሰብኩም። ልጅ ሆኜ የእያንዳንዱ ገበያ ጣቃ የሚቆለልበት ቦታ ነበረው። መጻፍ ስለማልችል ቦታውን ነበር የማስታውሰው። በር አጠገብ ሐርቡ፣ መስኮቱ ሥር ውጫሌ፣ ጥጉ ላይ ሐይቅ... እንደ ድሮው ለጠፍኳቸው። ሥራ የሚያከፋፍለው ደሴ ይባል አልኩ። ለሞተው ስም አልተሰጠውም።

የውጫሌ "ጫ" ተንጋደደ። ሌላ ካርቶን የለም፣ ተወው አለች።

አግማስ ውስጣቸው ያለውንም ስም አብሮ ሲቀይር ዋለ። "ለስም ብለን ሙሉ ቀን?" እያለ ያጉረመርማል። ያጉረምርም። ተራው ነው። እራት ግን አቀረብኩ።

ሰኔ 5

ኮሚቴው መጣ። ወንድሜም ከኋላ ከኋላ። "ልጄ፣ ልጄ" ይላል። ያሳደግኳት እኔ መሆኔን የረሳ ይመስላል።

መሪያቸው መነጽሩን አውልቆ "እኚህ እናት?" አለ።

"የክፍሉ ኃላፊ ናቸው" አለች ኢክራ። አንቱ አለችኝ፣ ሰው ፊት።

"አንዱ ቢበላሽ ሁሉም ይቆማል?"

ልቤ ዳንቴሉን አሰበ። ኢክራ ወደ እኔ ዞረች። "ሐርቡን ያጥፏት።"

 አጠፋኋት። ሌሎቹ ማጉረምረማቸውን አላቆሙም። አግማስ ስክሪኑን ወደ ሰውየው አዞረ። የሐርቡን ድርሻ ማን ወሰደው? ውጫሌ። ከመጀመሪያው ጀምራ ትሠራዋለች፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ አይቀርም አለች ኢክራ።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ምን ማለቱ ነው? እነዚህ ሰዎች ራስ ሲነቀንቁ አይታወቅም። ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ።

ሰኔ 12

ወሰኑ። እሺም እምቢም አይደለም፣ እንደ ልማዳቸው። ሰባቱ ይቆዩ፣ አራቱ ለቢሮ ይሰጡ። ኢክራ መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥላ ወረቀት አውጥታ በሰባት እንዴት እንደምታከፋፍለው መጻፍ ጀመረች።

"ይበቁሻል?"

"ቀስ ይላሉ። ግን ይደርሳሉ።"

ሰኔ 15

ከሌሊት ጀምሮ ዝናብ ነው። ሰባቱ ያንኑ ዝናብ እያሰሉ ነው። ጠዋት ኢክራ ደወለች፣ ስማቸውን በተራ አነበብኩላት። ሁሉም ደህና።

ከሰዓት አራቱን ሊወስዱ መኪና መጣ። አግማስ የውጫሌን ካርቶን በጥፍሩ ይልጥ ጀመር።

"ተው!"

"ቢሮ እኮ ነው የሚሄደው እትዬ ሳሊሃ።"

"ከነስሟ ትሂድ።"

"ጫዋ እንኳ ተንጋዳለች..."

"ተው አልኩህ!"

ተወው። በላስቲክ ሸፍነው ጫኗት። መኪናው ወደ ፒያሳ ሲወርድ እስከ መታጠፊያው አየሁት።

ፊደል ባለማወቄ ቢሮ ቆሜ ስንቴ ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈርሜአለሁ። አሁን አንዱ ጸሐፊ በየጠዋቱ የእኔን የተንጋደደ "ጫ" እያየ ሥራውን ይጀምራል። ማን ጻፈው ብሎ ይጠይቅ ይሆን?

አይጠይቅም። ቢሆንም ያነበዋል።