ስለሚሞቀው ግድግዳዬ፣ ለሕንፃችን ኮሚቴ ሊቀመንበር

ለተከበሩ የሕንፃችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣

ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ሁለቱ ልጆችዎና አዲሲቱ የኤሌክትሪክ መኪናዎ በሙሉ ደኅንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የመኪናዋን ደኅንነት እንኳ ሳልጠይቅም አውቀዋለሁ፣ ቀለቧ የሚያልፈው በእኔ ቤት ግድግዳ ውስጥ ነውና። እኔ ምድር ቤት፣ ከደረጃው በስተግራ ባለችው አንድ ክፍል ከእናቴ ጋር የምኖረው ልብስ ሰፊዋ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት በግል የላክሁልዎት ሦስት ደብዳቤዎች መንገድ ላይ ጠፍተው ይሆናል በሚል ቅን ግምት ነው፤ ከእኔ በር እስከ እርስዎ በር አሥራ አንድ እርምጃ ቢሆንም፣ የዘንድሮ መንገድ አይታመንም።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። ተራው የቤት ሶኬት መኪናዎን ቶሎ አልሞላ ቢልዎ፣ ከደረጃው ሥር ካለችው የሊፍት ሞተር ክፍል ባለ ሦስት መቶ ሰማንያ ቮልቱን መስመር ቀጥለው ማውጣትዎ ብልሃተኛ ሰው መሆንዎን ያሳያል። ሌላው ሰው ቢሆን ፈቃድ ጠይቆ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ባለሙያ አስመጥቶ ዕድሜውን በከንቱ በፈጀ ነበር። ቅሬታ ብዬ ልጠራቸው ስለማልደፍር፣ ጥቂት ትዝብቶቼን በቁጥር አስቀምጫለሁ።

፩. ስለ ገመዱ። ግድግዳዬ ሲፈለፈል እዚያው ነበርኩ፤ ለሁላችንም የሚሆን የዲሽ መስመር ነው ተብዬ ለሠራተኞቹ ሻይ አፍልቼላቸዋለሁ። ከስቶቭ የተረፈ ቀጭን ገመድ ሲያልፍ፣ አልደርስ ሲል ከሌላ ቁራጭ ጋር ሲቀጠል፣ ቅጥያውም በፕላስተር ተጠቅልሎ በሲሚንቶ ሲለሰንበት በዐይኔ ዐይቻለሁ። ቴሌቪዥኔ እንደሆነ እስከ ዛሬ ያው ነው፣ ከጭረት በቀር የሚያሳየኝ የለም።

፪. ስለ ሙቀቱ። ቅጥያው የተቀበረው እናቴ በምትተኛበት በኩል ነው። እናቴ እግሯ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ያለ እኔ እጅ ጎኗን እንኳ መለወጥ አትችልም። ግድግዳው ትኩሳት አለው ስትለኝ፣ እርጅና ነው ብዬ ሳቅሁባት፤ ያ ሳቄ ዛሬም ያሳፍረኛል። በኋላ መዳፌን አሳረፍኩበት። ክቡርነትዎ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካውያ ይዣለሁ፣ ሐር የሚችለውን ሙቀትና ጂንስ የሚፈልገውን በእጄ እለያለሁ፤ መኪናዎ ቻርጅ ላይ በሆነች ሰዓት በግድግዳዬ ሐር መተኮስ ይቻላል። ባለፈው እሑድ ከሰዓት ቀለሙ ቡኒ ሆኖ ተነፋ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክም ሸተተ። እሳት ካየው ምን ለየው ይባላል። እኔ ለደንበኛ ልብስ ላደርስ ስወጣ በሩን ቆልፌባት ነው የምሄደው። ፈርቻለሁ፤ ይህን በሌላ ጨዋ ቋንቋ የምገልጽበት መንገድ አጣሁ።

፫. ስለ ብሬከሩ። መኪናዎና ሊፍቱ አንድ ላይ ሲሠሩ የሊፍቱ ብሬከር በየጊዜው ይወድቅ ነበር፤ የአራተኛ ፎቋ ነፍሰ ጡር ሊፍት ውስጥ ተዘግቶባት እሪ ስትል መላው ሕንፃ ሰምቷል። እርስዎም ሳይውሉ ሳያድሩ ብሬከሩን እጥፍ በሚሆን አስለወጡና ችግሩ በማያዳግም ሁኔታ ተፈቷል የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። እውነትም ከዚያ ወዲህ ብሬከሩ ወድቆ አያውቅም። ገመዱ ግን ያው ቀጭኑ ገመድ ነው፤ የሚያስጠነቅቀንን አፍ ዘግተን ሰላም ሆነ አልን።

፬. ስለ መኪናዋ ጠባይ። ጥበቃችን ቻርጅ ላይ እያለች ሊያጥባት ቢሞክር ነዝራው ባልዲውን ጥሎ ሮጧል። እርስዎም በሰው ሕይወት የማይጨክኑ በመሆንዎ፣ ያልተፈቀደለት ሰው መኪናዬን እንዳይነካ ብለው በማግስቱ ጽፈው ለጥፈዋል። ክንዱ አሁንም ይደነዝዘዋል፤ ፈቃድ ሳይጠይቅ ነክቶ ነው፣ ምን ይደረግ!

፭. ስለ ተቆጣጣሪው። ለመብራት መሥሪያ ቤቱ አቤት ባልኩ በሳምንቱ ተቆጣጣሪ መጣልኝ፤ የመጣውም መኪናዎ ሥራ ቦታ በዋለችበት፣ ግድግዳው እንደ ውኃ በቀዘቀዘበት ሰዓት ነበር። በሁለት ጣቱ ነካ አድርጎ ምንም ችግር የለም ብሎ ጻፈ። መኪናዋ እስክትመለስ ይጠብቅልኝ ዘንድ ብለምነው የሥራ ሰዓቱ እንደማይፈቅድለት ነገረኝ። ሲወጣ በስልክ እርስዎን ጋሼ እያለ ሲያነጋግርዎት ሰምቻለሁ፤ ሰው አክባሪነት ነው ብዬ አለፍኩት። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር ያለችኝ እናቴ ናት፣ በእኔ እንዳይፈርዱ።

፮. ስለ መንገዱ። ይህኛው እንቅልፍ የነሳኝ ነው። የሞተሩ ክፍል መሐል ላይ ነው፤ የእርስዎ ቤት በቀኝ፣ የእኔ በግራ፤ መኪናዋ የምትቆመውም በእርስዎ መስኮት ሥር ነው። በሜትሬ ለካሁት። በእርስዎ ግድግዳ በኩል ቢሄድ ሰባት ሜትር ነው፤ በእኔ ግድግዳ አልፎ፣ ሕንፃውን በጓሮ ዞሮ የሄደው ግን ሠላሳ አንድ ሜትር ነው። ለመቀጠል የተገደደውም ስለዚህ ነው። ብጠይቅዎ የቴክኒክ ምክንያት አለው አሉኝ። እኔ ጨርቅ እንጂ ቴክኒክ አላውቅም፤ ሰባት ሜትር ለሚበቃው ሰው ሠላሳ አንድ የምቆርጥ ከሆነ ግን አንድም ሰክሬአለሁ፣ አንድም የምደብቀው ነገር አለኝ።

አሁን የእናቴን አልጋ ወደ በሩ አስጠግቼ የስፌት መኪናዬን ከግድግዳው አጠገብ አድርጌያለሁ፤ በበሩ ሥር የሚገባው ንፋስ ሳል ጀምሯታል። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስመሩ ከእኔ ግድግዳ ውስጥ ይውጣ፣ ዛሬውኑ ይቋረጥ። ለዚህ ብርቱ ድካምዎ ሁሉ፣ ሌሎች ዝም ሲሉ ዝም ባለማለቴም ለሚያሳዩኝ ትዕግሥት ጭምር፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ሁልጊዜም ከእርስዎ በሙቀት የተሳሰርኩ፣
የምድር ቤቷ ልብስ ሰፊ

ከፊርማዬ በኋላ የመጣ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ገመዱን የዘረጋልዎት ኤሌክትሪሺያን ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። እናቴን በሩ ሥር ተኝታ ሲያያት አንገቱን ደፋ። ሳልጠይቀው፣ እሱ በአጭሩ መንገድ ሊወስደው እንደነበረ፣ እርስዎ ግን በዚያ በኩል ልጆቼ ይተኛሉ ብለው እንደከለከሉት ነገረኝ። ልጆችዎን ይባርክልዎ፣ ያሳድግልዎ። እኔ ሞኟ ሦስቱንም ደብዳቤ የጻፍኩልዎት አደጋውን አያውቁትም ብዬ ነበር።