ኮሽታ የሌላት መኪና

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17፣ አውሮራ

ኤሌክትሪኳን መኪና ከገዛሁ ሳምንቴ ነው። ዛሬም ብርዱ ባትሪዋን ጨረሰብኝና ከጎረቤት ከተማ ከኮሜርስ ሲቲ ከሥራ ስመለስ ፒዮሪያ ጎዳና ላይ አርባ ደቂቃ ቻርጅ ሳደርግ ቆየሁ። አፓርታማችን ቻርጀር የለውም። በረዶው መስታወቱ ላይ እያረፈ ሲቀልጥ እያየሁ፣ "ምን ቆርጦኝ ገዛሁ?" እላለሁ። አሮጌዋ ብትሆን ቤንዚን ቀድቼ ውልቅ ነበር።

ቤት ደርሼ ዛሬ ገና ከመስኮታችን ሥር ቦታ አግኝቼ ፓርክ አደረግኩ። ከወጥ ቤት መዝሙር ይሰማል። መጀመሪያ ሬዲዮ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ አልማዝ ናት።

ሳገባት መዘምራን ውስጥ እንደሷ ያለ ድምፅ አልነበረም። "ድምፄ ጠፋ" ካለችኝ ስንት ዓመት ሆነ! ለካ አልጠፋም። የአሮጌዋ መኪና ጩኸት ገና ከመንገዱ ሲሰማት ታቆም ኖሯል። ያኔ ሌሊት ለሥራ እየነዳሁ ቀን ስተኛ፣ "ኧረ ዝም በይ፣ ልተኛ!" ያልኳት እኔው ነኝ። አንድ ቀን ብቻ ነው ያልኩት።

እዚያው መኪናዋ ውስጥ ሆኜ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁ። በረዶው መስታወቱን ሸፈነው። የት እንዳለሁም ጠፋኝ፤ ሙሽራዬ ነጭ ለብሳ የቆመች መሰለኝ።

ስገባ መዝሙሩን አቋረጠች።

"በስማም! መቼ መጣህ?"

"አሁን ገና።" ዋሸኋት።

"ይቺ መኪናህ ሰው ታስደነግጣለች። ስትደርስ ክላክስ አድርግ እንጂ።"

"እሺ" አልኳት።

ነገ ክላክስ ካደረግኩ ታቆማለች። ካላደረግኩ ደግሞ ከገዛ ቤቴ መስኮት ሥር የተደበቅኩ ሌባ ነኝ።