ሮዟ መስኮት

አሰላሙ ዐለይኩም ሪሀናዬ። እንዴት ከረማችሁ? እናትሽ ሰዓዳስ ጉልበቷ ተሻላት? ወንድምሽ ኢርፋንስ ያቺን ጥርሱን አስነቀላት ወይስ አሁንም ከሐኪሙ እየተደበቀ ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ካንቺ ጋር ካለኝ ጠብ በቀር። ምን ቢነካሽ ነው የኮምፒውተርሽን መጻፊያ ፕሮግራም ሮዝ ያደረግሽው? ትናንት ላፕቶፔን እዚህ ሐርጌሳ ወደምሠራበት ሱቅ ወስጄ ስከፍተው፣ ቤት እንደማየው ሮዝነቱን እንደያዘ መጣ። የሥራ ጓደኛዬ አዋሌ አይቶ፣ የሱፍ ሙሽራ አገኘ ብሎ ሱቃችን ባለበት በዋሄን ገበያ ሁሉ አወራብኝ።

እናትሽ እንዳትደነግጥ አስረጂያት። ፕሮግራሙ የሚሠራው ድሬዳዋ፣ እናንተ ሳሎን ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ እኔ ጋ የሚመጣው መስኮቱ ብቻ ነው። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ስለሚሠሩ ይግባባሉ። ግን ከስድስት ወር በፊት ስጀምረው ሳምንት ሙሉ አሠቃይቶኛል። ከዚህ ሆኜ በኢንተርኔት ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ገብቼ ፕሮግራሙን ስጠራው፣ የምታይበት ስክሪን የለኝም እያለ ይመልሰኝ ነበር። ለካ ስገባ ትእዛዙ ላይ ኤክስ የምትባል አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል መጨመር ነበረብኝ! አስተማሪ የሌለው ሰው እንዲህ ነው። አሁንም አንድ ፊደል ስመታ እናንተ ቤት ደርሶ እስኪመለስ ሻይ ፉት እላለሁ።

ቀልዱን ልተወውና፣ አንቺ ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ኮምፒውተሩን ለተማርሽበት ትምህርት ቤት ልትሰጡት እንደሆነ ሰማሁ። ሪሀናዬ፣ ተዉት። እዚህ በአማርኛ የሚጠራኝ ሰው የለም። ከሥራ ስመለስ ሮዟን መስኮት እከፍትና ምንም ሳልጽፍ እቀመጣለሁ። እናንተ ሳሎን ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል። አከራዬ ዳሀቦ፣ እንደ አገሩ ልማድ ኤዶ፣ አክስቴ፣ የምላት፣ ራት ብላ ስትጠራኝ ሥራ አለብኝ እላታለሁ። ሥራው ይኸው ነው። እባክሽ እናትሽን ለምኚልኝ፤ ቢያንስ እስከ…

ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ።

ኤዶ ዳሀቦ ራሷ ናት! በዚያ በታመመ እግሯ ደረጃውን ወጥታ፣ ሩዝ በትሪ ይዛ። ስክሪኑን አየችና በሶማልኛ፣ ስድስት ወር ሙሉ ራት የከለከለችህ ይህቺ ናት ወይ አለችኝ። አሁን ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ካልበላህ አልወርድም ብላለች።

እንግዲህ ኮምፒውተሩን ስጡት፤ ተማሪዎቹ ይጠቀሙበት። ሮዙን ግን እንዳትለውጪው፣ እነሱም ይሳቅባቸው። እናትሽን፣ ኢርፋንን፣ አያትሽን ኻዲጃን ሳሚልኝ። ደብዳቤውን እዚያው ኮምፒውተርሽ ላይ ትቼልሻለሁ።

ሩዙ ሳይቀዘቅዝ መስኮቱን እኔው ልዝጋው።

አጎትሽ የሱፍ
ሐርጌሳ፣ 26 ጁን ሰፈር
ነሐሴ 12 ቀን 2000 ዓ.ም.