አገልጋይ እንጂ ሠራተኛ አይደሉም

ለምወድህ ልጄ ለምስክር፣

የጌታ ሰላም ይብዛልህ፤ እዚያ ደቡብ አፍሪካ ደህና ከረምክ ወይ? እኛ ሆሳዕና ጌታ ይመስገን አለን። ክረምቱ ገብቷል፤ እንሰቱም ደህና ይዟል።

አባትህ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ለጡረተኞች የሕክምና ድጋፍ ፈቀደች ሲባል ቢሮ ሄዶ ነበር። ጸሐፊው ጥርሱን እየጎረጎረ «ድጋፉ ለሠራተኞች ነው፤ እርስዎ ወንጌላዊ ነዎት፣ አገልጋይ እንጂ ሠራተኛ አይደሉም» አለው። ከሞርሲቶ እስከ ቦኖሻ ሠላሳ አራት ዓመት በእግሩ የዞረውን ሰው! ዘበኛው እንኳ ሠራተኛ ተብሎ ተመዝግቧል። አስጠሉኝ ልጄ።

ይባስ ብለው እሁድ የሕሙማንን ጸሎት እንዲመራ ለመኑት። እሺ አላቸው። ወንበር ይዤለት እሄዳለሁ። ሱሪውንም ለሁለተኛ ጊዜ አስጠበብኩለት።

መስከረም ላይ ለያሆዴ በዓል እመጣለሁ ብለህ ነበር፤ ከበዓሉ ቀደም ብለህ ናልን። ቤታችን እስክትገባ ጌታ በክንፉ ይጋርድህ።

እናትህ ታመነች