ደረጀ የተረጎመልኝ ሩሲያኛ

ይድረስ ለተሾመ፣ ለኔው ተሼ፤

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ደህና ነኝ እንዳልልህ ሰሞኑን የማየው ሁሉ እየቀፈፈኝ ነው፤ አልቅሼ እንዳልጽፍልህ ደግሞ ንዴቱ እንባዬን አድርቆታል። ወዳጅህ ደረጀ ያልተናገርከውን ነገር በመቃብር ድንጋይህ ላይ ሊያስቀርጽብህ ነበር። ስለዚህ እንደ ድሮው እየተቆጣሁ ላውራህ፤ መቼም ቁጣዬን ለምደኸዋል።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጓሮውን ጎመን ውርጭ መትቶት ነበር፣ አሁን አገግሟል። ልጃችን ሰናይት ሥራ አግኝታ ደሎ መና ወርዳለች፤ ሙቀቱ ተስማምቷት ወፈር ብላለች። ጎረቤታችን ፋጡማ ከሱቋ ስትመለስ ሳታየኝ አታልፍም። ሌላው አዲስ ነገር ሩሲያኛ መማሬ ነው። አትሳቅ! “ያንቺ ምላስ ለሩሲያኛ አልተሠራም” እያልክ ስታሾፍብኝ የኖርክ ሰው፣ ዛሬ ብትሰማኝ ምን ትል ይሆን እላለሁ።

እንዴት እንደተማርኩ ልንገርህ። በሽታው ግማሽ ጎንህን መትቶህ ከጎባ ሆስፒታል ወደ ቤት ስንመልስህ፣ አማርኛህም ኦሮምኛህም ጠፍቶ ነበር። ዕድሜያችንን ሙሉ የተጣላንበትና የታረቅንበት ቋንቋ ሄዶ፣ በወጣትነትህ ግብርና ልትማር ሄደህ ያመጣኸው ሩሲያኛ ብቻ ቀረ። አንተ ዓይን ዓይኔን እያየህ ትናገራለህ፣ እኔ አፍ አፍህን አያለሁ። ባልና ሚስት እንዲህ ከመሆን የባሰ ነገር አላውቅም። ያኔ ነው ደረጀን ያስጠራሁት፤ አብሮህ ተምሮ የመጣውን፣ ሮቤ ሙሉ “ሩሲያው” እያለ የሚጠራውን ደረጀን።

መጣ። ያቀረብኩለትን በላና ቅቤ ያራሰውን ጣቱን በጋቢህ ጫፍ ጠረገ፣ ዓይኔ እያየ። “በሽተኛ አየር ይፈልጋል” ብሎ ራስጌህ ያለውን መስኮት ወለል አድርጎ ከፈተው። ከሳነቴ ተራራ የሚወርደውን ንፋስ ታውቀዋለህ፤ ያንን መስኮት ፀሐይ ሳትጠልቅ የምትዘጋው አንተ ነበርክ። “የሩሲያን በረዶ የቻልኩትን ሰውዬ ሮቤ አሸነፈችኝ” እያልክ። ደረጀ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ አጠገብህ ተቀመጠ። አንተ “ዛክሮይ አክኖ፣ ምኜ ኾላድና” አልክ። እጁን አንሥቶ ጠያቂውን ሁሉ ጸጥ አሰኘና፣ “‘ሕዝቤን ስንዴ ላጠግብ ተመኘሁ፣ ሳልጨርስ ቀረሁ’ ነው የሚለው” አለ። ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። አንተ ደግሞ ቃሉን አዟዙረህ “አክኖ ዛክሮይ፣ ኾላድና ምኜ” አልክ። “‘ትውልድ ሆይ፣ አደራዬን ተቀበል’ አለ” ብሎ ተረጎመ። ለአፍ ዳገት የለውም።

ፋጡማ ግርጌህ ተቀምጣ እግርህን ትዳብስ ነበር። “ኧረ ወላሂ፣ እግሩ በረዶ ሆኗል!” አለች። ደረጀ ገላመጣትና፣ “አንቺ ሴትዮ፣ ሰውዬው ታሪክ እየተናገረ አንቺ እግር ታወሪያለሽ?” አላት። እኔም አብሬ ገላመጥኳት። አንተ ድምፅህ እስኪሰልል ያንኑ ደጋገምከው፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየህም።

ያቺን አባባልህን፣ ትርጉሟ ደረጀ ያለው መስሎኝ፣ እንደ ጸሎት ይዤያት ቀረሁ። ድምፅህ ሲናፍቀኝ ለራሴ እላታለሁ። ሰናይት ይህን አይታ፣ ልትሄድ ስትል የሩሲያኛ ትምህርት ስልኬ ላይ ጫነችልኝ።

በዚህ ዕድሜ ቋንቋ መማር ድንጋይ መፍለጥ ነው። መጀመሪያ እንደ አማርኛችን ግሱን መጨረሻ ላይ እያመጣሁ እናገር ነበር። በስልኩ የምታስተምረው ሴትዮ እንዲህም ይባላል አለችና ገረመኝ። ለካ ሩሲያኛ ቃላቱን ብታዟዙራቸው አይኮርፍም፤ ማን ማንን ምን እንዳደረገው የሚታወቀው በቃሉ ጭራ ነው። “ቮዳ” የነበረው ውሃ ስትጠጣው “ቮዱ” ይሆናል፣ እኛ “ውሃውን” እንደምንለው። ጭራዎቹ አንገበገቡኝ፤ ዛሬም አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። ብርድ ላይ ስንደርስ ግን ሳልለፋ ገባኝ። እነሱም እንደኛው “በረደኝ” ነው የሚሉት፤ ብርዱ ነው ሰውየው ላይ የሚመጣው። ሴትዮዋ “ምኜ ኾላድና” ስትል ስልኩ ከእጄ ወደቀ።

የቀረውን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። መስኮቱን ዝጊ፣ በረደኝ። ያልከው ይኸው ነው ተሼ። ቃላቱን ስታገላብጣቸውም ያው መስኮት፣ ያው ብርድ ነው። ለብዙ ሰው ብትናገር ጭራው ይረዝም ነበር፤ “ዝጉ” ይሆን ነበር። ትውልድም ሕዝብም አልጠራህም፤ አንድ ሰው ነው ያናገርከው፣ ዓይንህም እኔ ላይ ነበር።

ለካ ደረጀ ሩሲያኛው ከጠፋበት ቆይቷል፤ “ረሳሁት” ለማለት አፈረና በአንተ ብርድ ስሙን አሞቀ። ያ ስንጥር፣ ያ ቅቤ ያለበት ጣት፣ ያ የለቅሶ ቤት ድምፁ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣብኛል። ጭቃ ተለቅልቆ የመጣ ቢሆን እንኳ እንዲህ አልጸየፈውም። ራሴንም ታዘብኩ፤ አንተ እየተንቀጠቀጥክ እኔ በንግግሩ ኮርቼ አለቅስ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የድንጋዩን ጽሑፍ ይዞ መጣ። ለሙት ዓመትህ እንዲደርስ ነው አለኝ፣ “ሕዝቤን ስንዴ ላጠግብ ተመኘሁ” የሚለውን። እሱን አንተ ታመህ የተኛህበት አልጋ ላይ አስቀመጥኩትና መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ድምፁን እያንቀጠቀጠ አነበበልኝ። ጥቂት ቆይቶ የኮቱን አንገት ሰበሰበ፣ ቆይቶ ደግሞ እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ።

“እስቲ መስኮቱን ዝጊው፣ በረደኝ” አለ።

“በሩሲያኛ ንገረኝና እዘጋዋለሁ” አልኩት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ግድግዳውን አየ። ንፋሱ ወረቀቱን ከጉልበቱ ላይ ጣለው። ጎንበስ ብሎ አነሣውና ቻው እንኳ ሳይል ወጣ። አሸነፍኩ ብዬ ደስ አላለኝም፤ የተቀመጠበትን አንሶላ አውጥቼ አጠብኩ።

ድንጋይህ ላይ ስምህ ብቻ ይጻፋል። ያልከውን እኔ ይዤዋለሁ፤ ለሰናይትም ለፋጡማም ነግሬያቸዋለሁ፣ ፋጡማን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ያንን መስኮት ፀሐይ ሳትጠልቅ የምዘጋው እኔ ነኝ። ስዘጋውም “ዛክሪላ” እልሃለሁ፤ “ዘጋሁት” ማለት ነው፣ ሴት ስትናገረው። ይቺን ጭራ አልሳታትም።

ዘግቼዋለሁ ተሼ።

ያንተው አልማዝ